ለጎንደር ባንኮች፦ ስትከለክሉን በጽሑፍ ከልክሉን

ለ፦ በጎንደር ከተማ ለሚገኙ ባንኮች የቅርንጫፍና የዲስትሪክት ሥራ አስኪያጆች

ጉዳዩ፦ ገንዘብ ስንከለከል የጽሑፍ ምላሽ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ጎንደር፣ 2018 ዓ.ም.

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ደንበኛችሁ የገዛ ገንዘቡን ሊያወጣ መጥቶ ባዶ እጁን ስትመልሱት፣ ለምን እንደመለሳችሁት በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ወረቀቱ ቀን ይኑረው። ምክንያት ይኑረው። የወሰነው ሰው ስምና ፊርማ ይኑረው። ሌላ ጥያቄ የለኝም።

መምህርት ነኝ። የምኖረው እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። ደመወዜ የሚገባው በባንክ ነው። የቤት ኪራዬን የምከፍለውም በባንክ ነው። ተማሪዎቼን ቆጥቡ እያልኩ የምመክር ሰው ነኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ባንክን ጠልቼ አይደለም። ባንክ እንዲታመን ስለምፈልግ ነው።

ገንዘብ ስናስገባ እንዴት እንደምትቀበሉን እናንተም ታውቃላችሁ። ፎርም እንሞላለን። ካሸሩ ብሩን በማሽን ይቆጥራል፤ ፎርጅድ እንዳይኖርበት ያያል። ከዚያ ማኅተም ይመታና ቅጂውን ይሰጠናል። ስልካችን ላይም መልእክት ይገባል። ነገ ሒሳቡ ቢጎድል ማን እንደተቀበለን፣ መቼ እንደተቀበለን፣ ስንት እንደተቀበለን የሚናገር ወረቀት እጃችን ላይ አለ። ይህ ጥሩ አሠራር ነው። እናንተንም እኛንም ይጠብቃል።

ልናወጣ ስንመጣ ግን ነገሩ ይቀየራል። ከመስታወቱ ጀርባ «ሲስተም የለም» እንባላለን። «ካሽ አልገባም» እንባላለን። «ነገ ጠዋት ይሞክሩ»፣ «አካውንቱ ታግዷል»፣ «የተከፈተበት ቅርንጫፍ ይሂዱ» እንባላለን። ሁሉም በቃል ነው። ከበሩ ስንወጣ እጃችን ላይ የሚቀር ነገር የለም። በማግስቱ ስንመጣ ሌላ ሠራተኛ ነው የሚቀመጠው። ትናንት የተባልነውን ስንነግረው «ማን ነው እንደዚያ ያለዎት?» ይለናል። እኛም ስም አናውቅም። ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

የእናቴን ጉዳይ ልንገራችሁ። የባንኩን ስም እዚህ አልጽፍም። ሌሎቻችሁም ጋ ተመሳሳይ ነገር ሲሆን አይቻለሁና አንዱን ለይቼ መጥራት አልፈልግም።

እናቴ ደንቢያ ነው የምትኖረው። ጤፍ፣ ሽንብራና ነጭ ሽንኩርት እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ብሯን ቤት ነበር የምታስቀምጠው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ኖት መቀየሩ ሲነገር ግን እንደዚያ መቀጠል አልተቻለም። የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀየሩ። ባለ 200 ብሩ አዲስ መጣ። አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ያኔ ገበሬው ባንክ ደጃፍ ላይ ተሰለፈ። «ቤት ማስቀመጥ ይቅርባችሁ፣ ባንክ አስገቡ» የማይል አልነበረም። ምክሩ ትክክል ነበር። እናቴም ሰምታ የደንቢያ ከተማ በሆነችው ቆላ ድባ ላይ ደብተር አወጣች። መጻፍ ስለማትችል በአውራ ጣቷ አሻራ ፈረመች። ፎቶዋም ደብተሩ ላይ ተለጠፈ። ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር። ደብተሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ገባች።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም አብረን አይተነዋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ ከረመ። ገጠር ያሉ ቅርንጫፎች አንድ ሰሞን ይሠራሉ፣ ሌላ ሰሞን ይዘጋሉ። እናቴ ብሯን አልነካችም። «ለክፉ ቀን ነው» ትል ነበር። ክፉው ቀን መጣና ታመመች። ጎንደር አምጥተን አሳከምናት። ምርመራ ታዘዘ፤ መድኃኒት ታዘዘ። ብር አስፈለገ። ደብተሯን ይዘን ፒያሳ አካባቢ ወዳለው ቅርንጫፍ ሄድን።

መጀመሪያ የተባልነው ሲስተም የለም ነው። እሺ ብለን ተመለስን። ሲስተሙ መጣ ሲባል ደግሞ ሄድን። ካሸሩ ስሟን አስገብቶ አየና «አካውንቱ ብዙ ጊዜ ስላልተንቀሳቀሰ ተኝቷል» አለን። ታዲያ ምን እናድርግ አልነው። «የተከፈተበት ቅርንጫፍ ሄደው ያስነሡት» አለ። እናቴ ታማለች። ከጎንደር በአዘዞ አድርጎ ቆላ ድባ መሄድ በደህናው ጊዜ ቅርብ ነው። በዚያ ሰሞን ግን መንገዱ ለጤነኛም የሚሞከር አልነበረም። ይህን ስንነግረው አዘነልን። ክፉ ሰው አልነበረም። «እኔ ምን ላድርግ፣ አሠራሩ ነው» አለን።

ሌላ ቀን ሌላ ሠራተኛ አገኘን። ይኼኛው ቆላ ድባ መሄድ አያስፈልግም አለ። ችግሩ ስሙ ነው አለ። ደብተሩ ላይ የአያቷ ስም በአጭሩ «ወ/ገብርኤል» ተብሎ ተጽፏል። መታወቂያዋ ላይ «ወልደገብርኤል» ነው። ሲስተሙ ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ሌላ ዓይነት ሆኖ ገብቷል። «አንድ ሰው መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ አምጡ» አለን። ወንድሜ ደንቢያ ድረስ ሄዶ አመጣ። ስንሰጣቸው «ይህ እኮ የተጻፈው ለሚመለከተው ሁሉ ተብሎ ነው፤ ለቅርንጫፉ መጻፍ አለበት» ተባልን። ሥራ አስኪያጁን እናነጋግር ብንል ስብሰባ ላይ ናቸው።

እናቴ ይህ ሁሉ ሲሆን አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ታየናለች። ጥበቃው ጥሩ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ቦታ ይለቅላታል። አንድ ቀን ጠጋ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት በለሆሳስ፣ «ልጄ፣ ብሬ ጠፍቶ ይሆን?» አለችኝ።

«አልጠፋም እማዬ፣ አለ» አልኳት።

«ካለ ለምን አያሳዩኝም?»

የምመልስላት አጣሁ። እሷ ብር የምታውቀው በእጇ ይዛ ነው። ለእሷ ባንክ ማለት አደራ ነው። አደራ ደግሞ ባለቤቱ ሲመጣ ይሰጣል። የማይሰጥ ከሆነ በእሷ አገር ሽማግሌ ይጠራል፤ ተቀባዩም በሽማግሌ ፊት ምክንያቱን ይናገራል። እዚህ ግን ምክንያቱን የሚናገር ሰው አልነበረም። በየቀኑ የሚለዋወጥ ወሬ ነበር።

መድኃኒቱ ቀን አይጠብቅም። ወንድሜ ጊደር ሸጠ። ገበያ በሌለበት ሰሞን፣ የተጠራለትን ተቀብሎ። የቀረውን ከጎረቤት ተበደርን። ባንክ ውስጥ የራሷ ብር ያላት ሴት በልጆቿ ብድር ታከመች።

በመጨረሻ ብሩን አገኘነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ፍትሐዊ አልሆንም። አንዲት ወጣት ሠራተኛ መስኮት ላይ ነበረች። ደብተሩን ተቀበለች። ፎቶውን ከእናቴ ፊት ጋር አስተያየች። የፋይዳ መታወቂያ አላት ወይ ብላ ጠየቀች፤ አላት። አሻራዋን አስደረገች፤ ፎርም ሞላችላት፤ ሱፐርቫይዘሩን ጠርታ አስፈረመች። ብዙም ሳንቆይ ብሩ ተቆጥሮ ወጣ። «እማማ፣ ቆጥረው ይያዙት» አለቻት። የቀበሌውን ደብዳቤ አልጠየቀችንም። ቆላ ድባ ሂዱም አላለችንም።

ያው ቅርንጫፍ ነው። ያው ደብተር ነው። በመሀል የወጣ አዲስ መመሪያ መኖሩን የነገረን የለም። እንግዲህ የፊተኞቹ ሠራተኞች ተሳስተው ነበር ወይስ ይህች ልጅ ደንብ አልፋ ነው የሰጠችን? እስከ ዛሬ አላውቅም። ለማወቅም መንገድ የለኝም። አንዳቸውም የጻፉልኝ ነገር የለምና።

ወረቀት የምጠይቀው ለዚህ ነው። የመጀመሪያ ቀን ላይ «አካውንቱ ስለተኛ፣ ለማስነሣት እነዚህ ያስፈልጋሉ» ተብሎ ተጽፎ ቢሰጠን ኖሮ፣ የተባለውን ይዘን እንመለስ ነበር። ሁለተኛው ሠራተኛ ደግሞ የመጀመሪያው የጻፈውን አይቶ ወይ ያጸናዋል ወይ ያርመዋል። ሥራ አስኪያጁም ከስብሰባ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ቅጂ ያገኛል። ሁለት ሠራተኞች ሁለት የተለያየ ነገር ጽፈው ቢገኙ ስህተቱ የባንኩ መሆኑ ይታያል። በቃል ከሆነ ግን ስህተቱ ሁልጊዜ የደንበኛው ነው። «አልተረዱትም»፣ «እንደዚያ አልተባለም ይሆናል» ይባላል።

የእናቴ ጉዳይ የአንድ ሰው ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ቅርንጫፉን ብቻ አነጋግሬ እተወው ነበር። ግን ወረፋ ላይ ቆሞ ጆሮውን የከፈተ ሰው ብዙ ይሰማል።

ኅዳር አካባቢ መናኸሪያው አቅራቢያ ባለ ቅርንጫፍ ወረፋ ላይ አንድ ልጅ አገኘሁ። አገሩ በለሳ ነው። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ከርሞ ነው የመጣው። ብር ይዞ መንገድ መሄድ ስለሚያስፈራ የሠራበትን እዚያው ባንክ አስገባ። ብልህ ልጅ ነው፤ ባንክ የተሠራውም ለዚህ ነው። ጎንደር ደርሶ ሊያወጣ ሲል «በቀን ከ5 ሺህ በላይ አንሰጥም» ተባለ። ስለዚህ አልጋ ይዞ ያድራል። ጠዋት ተሰልፎ 5 ሺህ ያወጣል። ማታ ለአልጋና ለምግብ ይከፍላል። የሠራበት ብር ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ከላዩ ላይ እየተሸረፈ ነው። «ማን ነው በ5 ሺህ የወሰነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ከላይ ነው አሉኝ» አለ። ከላይ ማን? አያውቅም። መስኮቱ ላይ ያለውም ሠራተኛ የሚያውቅ አልመሰለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቼ መናገር እፈልጋለሁ። ጥሬ ገንዘብ በሚወጣበት መጠን ላይ ጣሪያ መኖሩ በራሱ በደል አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ጣሪያ አውጥቶ ነበር። ለግለሰብ በቀን 200 ሺህ ብር፣ ለድርጅት 300 ሺህ ብር ተባለ። ነጋዴው ደስ ላይለው ይችላል። ግን ቁጥሩ ታወቀ። ማን እንዳወጣው ታወቀ። በዜና ተነገረ፤ የተቃወመው ተቃወመ፤ የተዘጋጀውም ተዘጋጀ። አንድ ቅርንጫፍ ጠዋት ተነሥቶ በቃል የሚያውጀው ጣሪያ ግን ከዚህ ይለያል። ሰኞ 5 ሺህ ነው። ማክሰኞ 3 ሺህ ይሆናል። ለሚያውቁት ሰው ደግሞ ጣሪያው ሲነሣ በዓይናችን እናያለን። ከኋላችን የመጣ ሰው በጎን በር ገብቶ በፌስታል ይዞ ሲወጣ ካየን በኋላ «ካሽ የለም» የሚለውን ማን ያምናል? ካሹ በእውነት የሌለበት ቀንም እኮ አለ። በዚያ ቀን እንኳ አናምናችሁም። በቃል የሚሰጥ ክልከላ እናንተንም የሚጎዳው እንደዚህ ነው።

ችግራችሁን አውቃለሁ። ኔትወርክ የሚቋረጠው በእናንተ ፈቃድ አይደለም። መብራት ይጠፋል። ብር በመኪና ማጓጓዝ በዚህ መንገድ ላይ ነፍስን አስይዞ መሄድ ነው። ሠራተኞቻችሁም የዚሁ ከተማ ልጆች ናቸው፤ እነሱም ደመወዛቸውን ከዚያው ሲስተም ነው የሚጠብቁት። ጠዋት ገብተው እስከ ማታ የሚቆጣ ሰው ፊት ይቀመጣሉ። አንዳንዱ ደንበኛ ደግሞ በማይሆን ቃል ይሰድባቸዋል። ይህ ልክ አይደለም። ግን ሰው በአብዛኛው የሚቆጣው ብር ስላጣ ብቻ አይደለም። የተነገረው ነገር እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ ስለሌለው ነው። ምክንያቱ ተጽፎ ቢሰጠው ቁጣው ካሸሯ ላይ አይወርድም፤ ወረቀቱ ላይ የፈረመውን ኃላፊ ይፈልጋል። እሱ ደግሞ ለዚያ ነው የተሾመው።

ስለ ሲስተም መቋረጥም ቀላል ነገር አለ። ጠዋት ሲስተም ከሌለ በሩ ላይ ለጥፉት። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሌለ ጻፉበት። አንዲት አሮጊት ከአዘዞ ባጃጅ ተሳፍራ፣ ተፈትሻ ገብታ፣ ወረፋ ይዛ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ነው «የለም» የምትባለው። ያቺ ሴት ያወጣችው የባጃጅ ሒሳብ ለእሷ ብር ነው። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ኤቲኤሞቹ ፊት ሰልፍ ይሠራል፤ ማሽኑ ባዶ መሆኑን የሚናገር ወረቀት ግን አይለጠፍበትም። እያንዳንዱ ሰው ካርዱን አስገብቶ ራሱ ማረጋገጥ አለበት።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ልናገር። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. ወጥቷል። የባንክ ደንበኛ ሁሉ ደረጃ በደረጃ አካውንቱን ከፋይዳ ጋር እንዲያገናኝ እየተጠየቀ ነው። እኔ ይህን እደግፋለሁ። ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይንና የፊት ምስል ይወስዳል። እንደ እናቴ ያለች፣ አፈር ሲቆፍር የኖረ ጣቷ አሻራው የደበዘዘ ሴት እንኳ በዓይኗ ትለያለች። ነገር ግን ፋይዳው ላይ የተጻፈው ስምና ደብተሩ ላይ የተጻፈው ስም የማይገጥምለት ሰው ስንት ነው? ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ የሚሉ ስሞች የሞሉበት አገር ነው። አንዱ ጸሐፊ አሳጥሮ፣ ሌላው አስረዝሞ፣ ሦስተኛው ቀጥሎ ይጽፋቸዋል። ደብተሩን የከፈቱት የእናንተው ሠራተኞች ናቸው። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ያስገቡትም እነሱ ናቸው። ባለ ደብተሯ ፊደሉን አላየችውም፤ ብታየውም አታነበውም። እና ነገ ስሙ አልገጠመም ተብሎ ስትታገድ፣ የሚንከራተተው ማን ነው? አሁን መፍትሔ ካልተበጀለት የእናቴ ታሪክ በየገጠሩ ይደገማል።

ስለዚህ የምጠይቀው ወረቀት ምን ይመስላል? ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። ካርቦን ያለው ጥራዝ ላይ ይታተም። የደንበኛው ስም፣ የጠየቀው የብር መጠንና ቀኑ ይጻፍበት። ከዚያ ምክንያቱ በግልጽ አማርኛ ይቀመጥ። «በአሠራር ምክንያት» የሚል አይበቃም። ሲስተም ከሆነ ሲስተም፣ ጥሬ ገንዘብ ማነስ ከሆነ ጥሬ ገንዘብ ማነስ፣ ስም ከሆነ የትኛው ስም ከየትኛው እንዳልገጠመ ይጻፍ። ደንበኛው ማምጣት ያለበት ነገር ካለ በአንድ ጊዜ ሙሉው ይዘርዘርለት። አንዱን ሲያመጣ ሌላውን አምጣ መባል ይቅር። መቼ ተመልሶ መምጣት እንዳለበትም ይጠቀስ። የፈረመው ሠራተኛ ስም ይነበብ። ማንበብ የማይችል ሰው ቤቱ ወስዶ ልጁን ወይም ጎረቤቱን ያስነብባል። እናቴ ያን ወረቀት ይዛ ብትወጣ ኖሮ፣ ብሬ ጠፍቶ ይሆን ብላ ባልጠየቀችኝም ነበር። ብሩ መኖሩን ባንኩ ራሱ በጽሑፍ ያመነበት ማስረጃ ይሆንላታልና።

«ወረፋው ይረዝማል» ትሉ ይሆናል። አሁን ያለውን ወረፋ እዩት እንጂ። ከተሰለፈው ውስጥ ብዙው ትናንትም የመጣ፣ ከትናንት ወዲያም የመጣ ሰው ነው። ምን እንደጎደለው በትክክል የተነገረው ሰው አንድ ጊዜ ይመለሳል። ያልተነገረው ግን ዕድሉን ሊሞክር በየቀኑ ይመጣል።

«ሠራተኛው መፈረም ይፈራል» ትሉም ይሆናል። እኔም ይፈራል ብዬ እገምታለሁ። ግን ለምን ይፈራል? መመሪያው እንደዚያ የሚል ከሆነ መመሪያውን ጠቅሶ መፈረም ምንም አያስፈራም። የሚያስፈራው መመሪያው ምን እንደሚል እርግጠኛ ካልሆነ ነው። እርግጠኛ ካልሆነ ደግሞ የታመመች ሴት ከመመለሱ በፊት ኃላፊውን መጠየቅ ነበረበት። ፊርማው እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። እናቴን ያስተናገደችው ልጅ ሱፐርቫይዘሯን ጠርታ ስታስፈርም አልፈራችም፤ ሥራዋን ታውቃለችና።

የቅሬታ መስመር አለን እንደምትሉም አውቃለሁ። ደውዬበታለሁ። ያነሣችው ልጅ ትሑት ነበረች። የቅርንጫፉን ስም ጠየቀችኝ። ያስተናገደኝን ሠራተኛ ስም ጠየቀችኝ። የተሰጠኝ ምክንያት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች ነገርኳት። የትኛውን እንደምትመዘግብ ግራ ገባት። ቅሬታዬ የት እንደደረሰ እስካሁን የነገረኝ የለም። ማስረጃ የሌለው ቅሬታ መጨረሻው እንዲህ ነው።

ሕጉ ከእናንተ ብዙ ይጠብቃል። ብሔራዊ ባንክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል። ደንበኛ በፍትሐዊነት እንዲስተናገድ፣ በቂ መረጃ እንዲሰጠው፣ ቅሬታውም እንዲሰማ የሚያዝ መመሪያ ነው። በባንኩ ምላሽ ያልረካ ሰው ወደ ብሔራዊ ባንክ መሄድ ይችላል። ግን ምን ይዞ ይሂድ? የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድም ተቋቁሟል። ባንክ ቢወድቅ ለአንድ ደንበኛ እስከ 100 ሺህ ብር ድረስ ይሸፍናል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የደሃ ቁጠባ እንዳይጠፋ የታሰበ ነው። የእናቴ ባንክ ግን አልወደቀም። በሩ ክፍት ነበር፣ መብራቱ በርቶ ነበር፣ ሠራተኛው ሁሉ ነበር። ብሯም ነበር። በክፍት ባንክ ውስጥ ብሩ የተያዘበት ሰው ምን ዓይነት መድን አለው? ለጊዜው ሊኖረው የሚችለው አንድ የተፈረመበት ወረቀት ብቻ ነው።

ይህን ለማድረግ የአዲስ አበባን ፈቃድ መጠበቅ ያለባችሁ አይመስለኝም። አንድ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ዛሬ ማታ ጥራዝ አሳትሞ ነገ ጠዋት ሊጀምረው ይችላል። ለማሳተሚያ የሚወጣውም ለቀን መቁጠሪያ ከምታወጡት በላይ አይሆንም። አንዳችሁ ብትጀምሩት ወሬው አራዳ ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ነጋዴውም ገበሬውም ብሩን ወደዚያ ያመጣል። የሚከለክሉኝ ቢሆን እንኳ ምክንያቱን ይሰጡኛል ብሎ።

እናንተ ደግሞ ይህን የምታነቡ የጎንደር ሰዎች፣ ስትከለከሉ በጨዋ ቃል «ይህን ጽፈው ይስጡኝ» በሉ። አትሳደቡ። ካሸሯ ላይ አትጩሁ። መጻፍ አልችልም ካለች ኃላፊዋን በአክብሮት ጠይቁ። ወረፋ ላይ አዛውንት ካያችሁ፣ ምን እንደተባሉ ጠይቁላቸውና ራሳችሁም ብትሆኑ ቀኑንና ቃሉን ደብተራቸው ጀርባ ላይ ጻፉላቸው።

ሥራ አስኪያጆች ሆይ፣ ጥያቄዬ መልስ ይሻል። አይሆንም ካላችሁም፣ የማይሆንበትን ምክንያት ጽፋችሁ በቅርንጫፎቻችሁ በር ላይ ለጥፉልን። የእናቴን ደብተር፣ የቀበሌውን ደብዳቤና የሄድንባቸውን ቀናት ይዤ ለሚጠይቀኝ ኃላፊ ሁሉ በአካል ቀርቤ ለማስረዳት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር

ማራኪ ነዋሪ የሆነች አንዲት መምህርት

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
ለባንኮቹ ዋና መሥሪያ ቤቶች